ሰይድ አረቄ አልጠጣም

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ከሐይቅ ከተማ ገበያ ወደ ቤቴ ስመለስ ባጃጅ ተሳፈርኩ። ዘንድሮ ባጃጅ ማግኘትም ዕድል ነው። ግማሾቹ ማደያው ደጃፍ ተሰልፈው ይውላሉ፤ ግማሾቹ ደግሞ በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚቸረቸረውን ቤንዚን ገዝተው ሞተራቸው እያሳለ ይሄዳሉ። ሹፌሩ ሬዲዮ ከፍቶ ነበር። ዜናው ከስኳር አገዳ ተረፈ ምርት የሚወጣ ኢታኖል የሚሉት አልኮል ከቤንዚን ጋር እየተቀላቀለ ለመኪና እንደሚውል ያወራል። አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ ሰምቶ ሳቀ።

«ይኼማ እኛ ዘንድ ድሮ ተሞክሯል» አለ። «ሰይድ አረቄን አታውቁትም? መካኒኩን? ለመኪናው የተሰጠውን አረቄ እሱ ጠጥቶ፣ ለመኪናው ውሃ ሞላለት።»

ሹፌሩም ሳቀ። ከጥግ የተቀመጠች፣ ገና ተማሪ የምትመስል ልጅም ሳቀች።

አውርደኝ አልኩት ሹፌሩን። ቤቴ ገና ነበር፤ ጉልበቴም እንደ ድሮው አይደለም። ቢሆንም ወረድኩና በዚያ ፀሐይ በእግሬ ሄድኩ። ንዴቱ እንደ ቃር ከደረቴ እየተነሣ ጉሮሮዬን አቃጠለኝ። የተናደድኩት በጎልማሳው አልነበረም። እሱ ያኔ አልተወለደም፤ የሰማውን ነው የሚያወራው። ያን ወሬ አብስለን ለከተማው ያቀረብነው እኛ ነን። ከእኛም ውስጥ ዛሬ በሕይወት ያለሁት እኔ ነኝ።

ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ የማትሪክ ውጤቴ የትም የማያደርስ ሆኖብኝ፣ በሐይቁ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ የገበሬዎች ማኅበር መጋዘን ውስጥ ተቀጠርኩ። የመጋዘኑ ቁልፍ በክር ታስሮ አንገቴ ላይ ይውል ነበር። ማተቤና ቁልፉ አንድ ላይ ተንጠልጥለው ሲጋጩ የሚሰማው ድምፅ ያኮራኝ ነበር፤ የምታመን ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ዘመኑ ቤንዚን በኩፖን የሚታደልበት ዘመን ነው። ማኅበሩ ሁለት ሞተር ነበረው፤ አንዱ ከሐይቁ ውሃ የሚስበው ፓምፕ፣ ሌላው ሸራ የለበሰ አሮጌ ላንድሮቨር። ላንድሮቨሩ አትክልት ወደ ደሴ ያመላልሳል። ሰው ሲታመም፣ ምጥ ሲጠና ደግሞ እሱው ነው የሚጠራው፤ ሌላ መኪና የት አለ? ሁለቱንም የሚጠግነውና የሚነዳው ሰይድ ነበር።

ሰይድ ያኔ ሠላሳ ዓመት ቢሞላው ነው። ጋሼ እለዋለሁ። አንቱ ስለው ግን ይስቅብኝና «አንተ በይኝ አቦ፣ አላረጀሁም» ይለኝ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጣቶቹ ግሪስ የጠገቡ ሰው ነው። በልጅነቱ ከሐይቅ ወጥቶ በአንድ ስኳር ፋብሪካ ጋራዥ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሠርቷል። አምስቱን ወቅት አያጓድልም። የሶላት ሰዓት ሲደርስ መፍቻውን አስቀምጦ በሐይቁ ውሃ ታጥቦ፣ አሮጌ ጆንያ አንጥፎ ይሰግዳል። ሥራ በዝቶብሃል፣ ቆይተህ ስገድ የሚለው ሰው ቢኖር፣ «ሞተሩ ይጠብቀኛል፤ ሞት ግን አይጠብቀኝም» ነበር መልሱ።

በዚያ ዓመት በልጉ ቀረ። የካቲት አልፎ መጋቢት ገባ፤ ሰማዩ እንደ ተወለወለ ሰሐን ጠራ። ከአምባሰል በኩል ደመና ብቅ ይልና እኛ ዘንድ ሳይደርስ ይበተናል። በየማሳው ላይ የተነሣው አቧራ ዓይን አያስገልጥም። ሰው ሁሉ ዓይኑን የጣለው በሐይቁ ዳር ባለው የማኅበሩ ሽንኩርት ላይ ነበር፤ እሱም ውሃ ካልጠጣ ወር ሳይሞላው ይነድዳል። ውሃው እዚያው ከፊታችን ተኝቷል፣ ሰማያዊ ሆኖ። የሚስበው ፓምፕ ግን የሚበቃው ቤንዚን የለውም። ያንን ማየት ሰውን ያሳብዳል። አንድ አዛውንት ገበሬ በባልዲ እየቀዱ ሊያጠጡ ሞክረው ወገባቸው ተያዘ።

ሰይድ ወደ ቤታችን የመጣው ያኔ ነው። አባታችን ከሞተ በኋላ እናታችን አረቄ እያወጣች ነው ያሳደገችን። የእሷን ዳግም አረቄ የማያውቅ አልነበረም። ሰይድ ግን የቤታችንን ደፍ ረግጦ አያውቅም፤ እንኳን ሊጠጣ፣ ሽታውን ሸሽቶ በማዶ በኩል ነበር የሚያልፈው። ያን ቀን በር ላይ ቆሞ አንድ ጠርሙስ አረቄ ስጡኝ ሲል እናቴ ደነገጠች። ሰይድም ገባውና ሳቀ። እኔ አልጠጣውም፣ ሞተሩ ይጠጣው ብሎ አስረዳት። እሠራበት በነበረው አገር ከስኳር ዝቃጭ አልኮል ሲወጣና ያ አልኮል ከቤንዚን ተቀላቅሎ ሞተር ሲያስነሣ አይቻለሁ አለን።

ጠርሙሱን ተቀብሎ ቤንዚን ጨመረበትና ነቀነቀው። ጥቂት እንደቆየ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ለሁለት ተከፈለ፤ ከላይ ቤንዚኑ፣ ከታች አረቄው፣ በመሃላቸው እንደ ክር የቀጠነ መስመር።

«አየሽ ብርቄ» አለኝ፤ «ይኼ አረቄ ገና ግማሹ ውሃ ነው። ውሃና ቤንዚን አይዋደዱም። አረቄው ደግሞ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ሲሉት ውሃውን ተከትሎ ይወርዳል። ይኼን መኪና ውስጥ ብጨምረው ሞተሩን ገደልኩት ማለት ነው። ውሃውን ማስለቀቅ አለብን።»

ሁለት ሳምንት ያህል በእናቴ ጓሮ ዋልን። ነቀዝ የበላውን፣ ሰው የማይበላውን ማሽላ ሰብስበን ጠነሰስን። እናቴ ታወጣለች፣ ሰይድ ደግሞ መልሳችሁ አውጡት ይላል። ሦስተኛ ጊዜ፣ አራተኛ ጊዜ። መጀመሪያ የሚንጠባጠበውን ብቻ ይይዛል፤ ኋላ የሚመጣውን ወደ ጋኑ ይመልሳል። በመጨረሻ አዲስ የተቃጠለ፣ ውሃ ያልነካው ኖራ ጨምሮበት አሳደረው፤ ኖራው የቀረውን ውሃ ይጠጣዋል አለን። በማግስቱ እንደገና አወጣነው። ከዚያ በማንኪያ አድርጎ ለኮሰው። በቀን ብርሃን የማይታይ ነበልባል ነድዶ ሲያበቃ ማንኪያው ደረቅ ነበር፤ አንድ ጠብታ ውሃ አልቀረበትም። ከቤንዚን ጋር ቀላቅሎ ነቀነቀው። መስመር የለም። አንድ ሆነ።

በነዚያ ቀናት ቤታችን ንፍሮና ቂጣ ከአዋዜ ጋር ይበላ ነበር፤ ሰይድ ሥጋችንን ስለማይበላ እናቴ ሌላ ነገር እንዳይቸገር ትጠነቀቅለት ነበር። እህቴ አስካለ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ፣ ለመውለድ እናቷ ቤት መጥታ ስለነበር እሷም ከእኛ ጋር ትውላለች። ባሏ ቄስ ነው፤ በአምባሰል በኩል ካለ ደብር ያገለግላል። አስካለ በሰይድ ትስቅበት ነበር። እስላሙ አረቄ ጠማቂ ሆነ እያለች ታሾፍበታለች፤ እሱም አንቺም የቄስ ሚስት ሆነሽ እሳት ታነጃለሽ ይላታል። ከዚያ ሁሉ ዓመት ውስጥ ደስታ የምለው እነዚያን ሁለት ሳምንታት ነው። እዚህ ላይ ብጨርሰው በወደድኩ።

ፓምፑ ተነሣ። ሰይድ ካርቡሬተሩን አስተካክሎ፣ ለሦስት ጣሳ ቤንዚን አንድ ጣሳ የኛን ጨመረበት። ሞተሩ ትንሽ አነከሰና ድምፁን አጠራ። ውሃው በቦዩ ሲሄድ ገበሬዎቹ ተከትለውት ሮጡ። ሽንኩርቱ ዳነ።

የሚያበሳጨኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

የማኅበሩን ሊቀመንበር ስም አልጠራም፤ ልጆቹ አሉ፣ እነሱ ምንም አላጠፉም። እስከዚያን ቀን ድረስ ነገሩን የሰካራም ጨዋታ ሲለው የነበረ ሰው፣ ፓምፑ ሲነሣ ሐሳቡ የእሱ ሆነ። ከበላይ የሚመጡ እንግዶች ቅዳሜ እንደሚጎበኙን ሲሰማ ደግሞ ላንድሮቨሩ በአገር በቀል ነዳጅ ሲሄድ አሳያቸዋለሁ አለ። ሰይድ የቀረን አንድ ጣሳ ነው፣ ሌላ ለማዘጋጀት ሁለት ሳምንት ያስፈልጋል ብሎ ነገረው። ሊቀመንበሩ ግን አረቄ የሚያወጡ ቤቶች ሁሉ አንዳንድ ጠርሙስ እንዲያመጡ አዘዘ፤ ሐሙስ ዕለት ሁለት ጀሪካን ሞላ። ሰይድ ከፍቶ አሸተተው። አንዱን ጀሪካን በእግሩ ገፋ አደረገና ይኼ ለሠርግ ይሆናል፣ ለመኪና ግን መርዝ ነው አለ። እኔም ቆሜ ሰምቻለሁ። ይኼን ቃል ያልሰማሁ መስዬ አርባ ዓመት ኖሬያለሁ።

በማግስቱ ጁምዓ ነበር። ሰይድ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ወደ መስጊድ ሄደ። እሱ መሄዱን አይቶ ነው ሊቀመንበሩ ወደ መጋዘኑ የመጣው። መጋዘኑን ክፈቺ፣ አንዱን ጀሪካን ላንድሮቨሩ ውስጥ ቅጂ አለኝ። ጋሽ ሰይድ ሳያየው አይሆንም ብዬዋለሁ፤ ይኼን ብያለሁ፣ ማለቴንም እስከ ዛሬ እንደ ትልቅ ነገር ይዤው ኖሬያለሁ። እሱም ማኅበሩን የምመራው እኔ ነኝ ወይስ ሰይድ? አለኝ። ቁልፉን ከአንገቴ አወለቅሁ። ጀሪካኑን ተሸክሜ አውጥቼ፣ ማፍሰሻ ይዤ፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ቀዳሁት። ማንም እጄን አልያዘኝም። ቀና ስል እሱ ጥላ ስር ቆሞ ጥርሱን በመፋቂያ ይፍቅ ነበር።

አንድ ሰዓት ያህል እንደቆየ እናቴ እየጮኸች መጣች። አስካለ ከማለዳው ጀምሮ ምጥ ላይ ነበረች፤ ጤና ጣቢያው ልጁ በአግድም ነው፣ ደሴ ውሰዷት ብሏቸዋል። አራት ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው አምጥተው ላንድሮቨሩ ኋላ አስተኟት። ሰይድ ከመስጊድ ሲመለስ ነገሩን አይቶ፣ ጀለቢያውን ሳይቀይር መሪው ላይ ተቀመጠ። ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት በመስኮት አንገቱን አወጣ።

«ታንከሩን የነካ አለ?»

«ማን ይነካዋል? ንዳ ይልቅ፣ ሴትዮዋ ትሞታለች» አለ ሊቀመንበሩ።

ሰይድ አጠገቡ ወደተቀመጥኩት ወደ እኔ ዞረ። ሊቀመንበሩም ወደ እኔ ያያል። እኔ ደግሞ ለራሴ የምናገረውን ነገር አገኘሁ፤ አሁን የሚጠፋ ሰዓት የለም፣ ትንሽ አረቄ ምን ያደርጋል፣ ፓምፑስ ተነሥቶ የለ? ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩ። ዝም አልኩ። ሞተሩ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሣ። ስለተነሣም እግዜርን አመሰገንኩ።

ከከተማው ወጥተን ዳገቱን ስንጀምር ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስሎ ቆመ። ሰይድ ወርዶ የቤንዚን ማጣሪያዋን ፈታ። ትንሿ ብርጭቆ ውስጥ ያለውን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ አየው፤ አሸተተው። ከዚያ ወደ እኔ መጣ። አልጮኸም።

«ማነው የጨመረው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። እሱ አዞኝ።»

ይመታኛል ብዬ ነበር። ቢመታኝ ደግሞ ዛሬ ትንሽ ይቀለኝ ነበር። «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አለኝ፤ «አሁን ጀሪካኑን ያዢልኝ።»

አረቄውና ውሃው ከታንከሩ ግርጌ ተኝተዋል፤ ቤንዚኑ ከላይ። የግርጌው ከወጣ መኪናው ይሄዳል። የታንከሩ ማፍሰሻ ብሎን ግን ዝጎ አልፈታ አለ። መዶሻ ሞከረ፣ ድንጋይ ሞከረ። የቀረው በጎማ ቱቦ መምጠጥ ነበር፤ በአፍ። ሰይድ ቱቦውን እስከ ታንከሩ ግርጌ ሰዶ ጫፉን በእጁ ይዞ ትንሽ ቆመ። እኔ እንዴት እንደሚመጠጥ አላውቅም ነበር። ልምጠጠው ብዬ ግን አልጠየቅሁትም።

መጠጠ። አፉ የሞላውን መሬት ላይ ተፋና አላህን ምሕረት ለመነ። «አስተግፊሩላህ» አለ። ቱቦው ጥቂት ፈሰሰና አየር ገብቶበት ተቋረጠ። እንደገና መጠጠ፤ ተፋ፤ «አስተግፊሩላህ» አለ። ከናፍሩ አበጡ፣ ዓይኑ ደም ለበሰ። ነጩ ጀለቢያ ፊት ለፊቱ በአረቄና በቤንዚን ራሰ። ሁለት ጊዜ ዞር ብሎ አስመለሰ። ከሸራው ውስጥ የአስካለ ጩኸት ይሰማል፤ እናቴ ማርያምን ትጣራለች። መንገዱ ባዶ ነው። ቤንዚን በሌለበት አገር ማን ያልፋል? ከዚያ የአስካለ ድምፅ ቆመ፤ ያ ከጩኸቱ ባሰ። ሰይድ ድምፁ መቆሙን ሲሰማ ሳይተነፍስ ደጋግሞ መጠጠ። ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጅቶብናል። ማጣሪያውንና ካርቡሬተሩን አጥቦ ገጠመ። ሞተሩ ተነሣ።

አስካለ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም። ሐኪሙ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ቢሆን ኖሮ አለና ቀሪውን ዋጠው። ሌላ ልጅም እንደማትወልድ በኋላ ተነገራት። ሰይድ ኮሪደሩ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ሳለ አንዲት ነርስ አጠገቡ ስታልፍ አፍንጫዋን ያዘች። ይኼ ሰክሮ ነው እንዴ ወላድ የሚያመላልሰው? ብላ ለጓደኛዋ ስትነግር ሰማሁ። ያቺ ቃል ከእኛ በፊት ሐይቅ ገባች።

ቅዳሜ እንግዶቹ መጡ። የሚያዩት በአገር በቀል ነዳጅ የሚሄድ መኪና አልነበረም፤ ሊቀመንበሩ ለዚህ ምክንያት ያስፈልገው ነበር፤ ምክንያቱም በሰይድ አፍ ላይ ተዘጋጅቶ ጠበቀው። መካኒኩ ለነዳጅ የተሰበሰበውን አረቄ ጠጥቶ በምትኩ ውሃ ሞላ ተባለ። ይኼን ያለ ሰው ሰይድ በሕይወቱ የአረቄ መለኪያ ጨብጦ እንደማያውቅ ያውቃል። ለዚህ ነው ከሰው ሁሉ በላይ እሱን የምጠላው። ሌብነት ቢለጥፍበት አንድ ነገር ነው። ሰውየው ሲጠብቀው የኖረውን፣ አንዱን ንጹሕ ነገሩን መርጦ ነው ያጎደፈው።

እሑድ ማታ ቤታችን መጥቶ እናቴን አነጋገራት። በዚህ የድርቅ ዘመን እህል አረቄ ማድረግ ምን እንደሚያስከትል ታውቂያለሽ፣ ጀሪካኑን የቀዳችውም ልጅሽ ናት አላት፤ እያስፈራራ ሳይሆን እንደ ዘመድ እየመከረ። ሲሄድ ለእናቴ እውነቱን ነገርኳት። ሰማችኝና አንዷ ሆስፒታል ተኝታለች፣ ሁለተኛዋን ለእስር ቤት አልሰጥም አለች። ለአስካለም እንዳልነግራት በማተቤ አስማለችኝ። እናቴን አልፈርድባትም ስል ቆይቻለሁ። ዛሬ ግን እፈርድባታለሁ። ለሰይድ በእጇ ንፍሮ ስታቀርብለት የነበረች እሷ ናት፤ እንደማይጠጣ ታውቃለች።

ሰኞ በመጋዘኑ በረንዳ ላይ ስብሰባ ተጠራ። ማኅበርተኛው ሁሉ፣ ከመስጊድም ከቤተ ክርስቲያንም ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ሰይድ አልጠጣሁም፣ ታንከሩ ውስጥ ያለውን ለማውጣት በአፌ ስቤ ነው አለ። አረቄውን ማን ቀዳው ተባለ። ወደ እኔ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተመለከተው። ስሜን አልጠራም። ራሴ እንድናገር ጊዜ እየሰጠኝ ነበር።

ሊቀመንበሩ አስነሣኝ። «አብረሽው ነበርሽ። አፉ አረቄ ሸቶሻል ወይስ አልሸተተሽም?»

«ሸቶኛል» አልኩ።

ተቀመጪ አለኝ፤ ተቀመጥኩ። እውነት ተናገርኩ፤ በእውነት ሰው ገደልኩ። በኋላ አስተማሪ ሆኜ ሠላሳ ዓመት ያህል ሕፃናትን ሳስተምር፣ አትዋሹ ባልኩ ቁጥር ያቺ አንዲት ቃል አፌ ውስጥ ትመርረኝ ነበር። ሰው ቃል በቃል ሳይዋሽ ምን ያህል ሊዋሽ እንደሚችል ለተማሪዎቼ ነግሬያቸው አላውቅም።

ስድስት ወር ታሰረ። ሲወጣ ከመስጊድ ያባረረው የለም፤ ግን ሰልፍ ላይ ሲቆም ጎንና ጎኑ ያለው ሰው ትንሽ ፈቀቅ ይላል ይባል ነበር። ያቺ ፈቀቅታ በቃችው፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ መስገድ ጀመረ። ከተማው «ሰይድ አረቄ» ብሎ ጠራው፤ ልጆቹ የሰይድ አረቄ ልጆች ሆኑ። ማንም ሞተር አልሰጠውም። ብስክሌት እየጠገነ ኖረ። ከዓመታት በኋላ ገበያ ላይ ፊት ለፊት ተገናኘን። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ። «እህትሽ ደህና ናት?» ብሎኝ አለፈ። በዚህም ተናድጄበታለሁ። ቢሰድበኝ ምን ነበረበት? ደግነቱ እንደ ቅጣት ከበደኝ። ሊቀመንበሩ በሰላም አርጅቶ፣ በክብር ተቀበረ። ሰይድም ሞቷል፤ ያ ስም ግን ከእሱ ጋር አልሞተም።

ይኼው ያ ስም ነው ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ባጃጅ ውስጥ ያስቆጣኝ። በእግሬ ቤቴ እንደደረስኩ አስካለን አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ባሏ ካረፈ ወዲህ አንድ ግቢ ነው የምንኖረው። ጥጥ ትፈትል ነበር። እንዝርቷን አቁማ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፤ ከዚያ ተነሥታ ክፍሏ ገባች። ስምንት ቀን ሙሉ አላናገረችኝም።

በአምስተኛው ቀን በሐይቁ ዳር ዓሣ እየጠበሰች ወደምትሸጠው ወደ ሰይድ ልጅ፣ ወደ ዘይነባ ሄድኩ። ለእሷም ነገርኳት። ዓሣውን እያገላበጠች ሰማችኝ። አባቷ ከመሞቱ በፊት ለልጆቹ ነግሯቸው ኖሯል፤ የእኔን ስም ግን ለማንም እንዳያነሡ አደራ ብሏቸው ነበር። አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም።

«እኔማ አውቀዋለሁ እትዬ» አለችኝ። «ለሚስቁት ይንገሩልን።»

ለዚህ ነው የጻፍኩት። ይቅርታ ለማግኘት አይደለም፤ ይቅር የሚለኝ ሰው ሞቷል፣ ያውም ይቅር ብሎኝ ነው የሞተው። አርባ ዓመት በሊቀመንበሩ ላይ ስቆጣ ኖርኩ፤ ቁጣዬ ልክ ነበር፣ ዛሬም ልክ ነው። ግን ያን ሁሉ ዘመን ከጀርባው ተሸሽጌ ኖሬበታለሁ። እሱ አንድ ጊዜ ዋሸ። እኔ ሰው በሳቀ ቁጥር ዝም አልኩ፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ ራሴም አላውቀውም።

ዛሬ ጧት አስካለ ከክፍሏ ወጥታ ከፊቴ ቆመች። በስምንት ቀን ውስጥ የመጀመሪያ ቃሏ ነበር።

«ከእስር ቤት እንደወጣ እናታችን ቤት ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር» አለችኝ። «ሙዝ ይዞልኝ። ልጄን የገደልክ ሰካራም ብዬ ሰደብኩትና በሩን ዘጋሁበት። ውጭ ቆሞ ትንሽ ቆየና ሄደ። አንቺ ያኔ ጓዳ ውስጥ ነበርሽ፣ አይደል?»

«ነበርኩ» አልኳት።